ጀናዛው በግንብ ላይ የወጣ ዕለት

ስሟን ማንሳት ለማናችንም አይጠቅምም፤ ብቻ ከድሮ ከተሞች አንዲቱ ነበረች። ዙሪያዋን ግንብ ያጠራት፣ መስጂዷ ከፍ ባለው ሰፈር የተሠራ፣ ድሃዋ ደግሞ ዝቅ ባለው ሰፈር የሚኖርባት ከተማ ናት። በዚህች ከተማ ሐጂ ሱሩር የሚባሉ የቡና ነጋዴ ይኖሩ ነበር። ቁመታቸው ከመርዘሙ የተነሳ ሶላት ላይ ከጎናቸው የሚቆመው ሰው ትከሻቸው ላይ አይደርስም። ሚዛናቸው የታመነ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ፣ ዘካቸውን ሳይጠየቁ የሚያወጡ ሰው ነበሩ። ሁለት ሰው ሲጣላ "ሐጂ ዘንድ እንሂድ" ይባላል። እሳቸውም፣ አላህ ይማራቸውና፣ እንዲህ መባሉን አይጠሉትም ነበር።

ነገሩ ከመድረሱ ከሰባት ዓመት በፊት ሽፍታ የከተማዋን ግንብ ጥሶ ገብቶ ገበያውን ዘርፎ ሄዷል። ያን ጊዜ ሽማግሌዎች ተሰብስበው አንድ የጋራ ካዝና አቋቋሙ። ከዚያ ካዝና ግንቡ ይጠገናል፣ ዘበኛ ይቀጠራል፤ ቤቱ የተቃጠለበት ወይም ንብረቱ የተዘረፈበት ሰው ካለም ኪሳራው ይተካለታል። መልካም ነገር ነው። ማን ስንት ያዋጣ በሚለው ላይ ግን ሦስት ጁምዓ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ሐጂ ሱሩር ተነሱና፣ "ያ ጀመዓ፣ አላህ ፊት ሁላችንም እኩል ነን። በር እንቁጠር፤ እያንዳንዱ በር እኩል ይክፈል" አሉ። በር ማለት ምን ማለት ነው ተብለው ሲጠየቁም፣ "ሰው ቆሞ የሚያልፍበት ሁሉ በር ነው" ብለው ደመደሙ። ለቆጠራ ሰሞን በሩን ደፍኖ ቆጣሪው ሲሄድ መልሶ የሚከፍት ተንኮለኛ እንዳይኖርም፣ ተዘግቶ የተከፈተ በር የተዘጋበትን ዘመን ሁሉ እንዲከፍል ወሰኑ። ሕዝቡ "ማሻአላህ! ፍትሕ ማለት ይህ ነው" እያለ ተበተነ። ሐጂም ያን ዕለት ደስ ብሏቸው ዋሉ።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በአንድ ማክሰኞ፣ እንድሪስ ሰሌን ሰፊው ሞተ። በመስጂዱ ውስጥ ሰው ግንባሩን የሚደፋበት ሰሌን ሁሉ የእሱ እጅ ሥራ ነውና ለመስገድ የመጣው ሰው ብዙ ነበር። ዙህር ተሰገደ፤ ጀናዛው አልመጣም። ትንሽ ቆዩ፤ አሁንም አልመጣም። "ሙትን ማቆየት ምንድን ነው?" ብለው ሐጂ ሱሩር ራሳቸው ወደ ታችኛው ሰፈር ወረዱ። የከተማው ሹም ሸኩርም ከኋላቸው ተከተለ። ሐጂ እዚያ ሰፈር እግራቸው ከረገጠ ዓመታት አልፈዋል፤ ዘካቸውን የሚልኩት በሰው እጅ ነበር።

የእንድሪስን መንገድ አንዴ ወጡት፣ አንዴ ወረዱት፤ በር አጡ። ዓይናቸው የተሳሳተ መስሏቸው የግቢዎቹን ግንብ በእጃቸው ዳሰሱት። ድሮ በር በነበረበት ቦታ ሁሉ ድንጋይ ተደርድሮ በጭቃ ተለስኗል። በዚያ ሰልፍ አሥራ አራት ግቢ አለ፤ ከመጨረሻው በቀር አንዱም በር የለውም።

ሐጂ ገና "ሰዉ በየት ነው የሚገባው?" ሊሉ ሲሉ ከግንቡ ወዲያ "ቀስ! ቀስ በሉ!" የሚል ድምፅ ሰሙ። ቀና ሲሉ፣ በገመድ የታሰረ ቃሬዛ ከግንቡ ጫፍ በላይ ብቅ አለ። በቃሬዛው ላይ በነጭ ከፈን የተጠቀለለ ሰው ተኝቷል።

"ሱብሐነላህ! ይህ ምን ጉድ ነው?" አሉ ሐጂ።

የመለሰላቸው የለም፤ ሁሉም ገመድ ይዟል። በዚያው ቅጽበት አንደኛው ገመድ አፈተለከና ቃሬዛው ዘንበል አለ። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ረስተው ተወርውረው በትከሻቸው ደገፉት። በሌላው ወገን የያዙት የሰፈሩ ሰዎች ግን አጫጭር ነበሩና ጀናዛው ወደ እነሱ ይንሸራተት ጀመር።

"ሐጂ፣ ጎንበስ ይበሉ! ወደኛ አዘነበለ፣ ጎንበስ ይበሉልን!"

ሐጂ ጎንበስ አሉ። ቃሬዛው ተስተካከለ፤ እንድሪስ በሰላም መሬት ደረሰ። ነገር ግን ገመዱ ሲጎተት የነካው የተደፈነ በር ድንጋዩ አንድ በአንድ ይረግፍ ጀመርና በአንድ ጊዜ እስከ ደፉ ተናደ። አቧራው ሲበን የሰፈሩ ሰው ፊት አመድ መሰለ። ሐጂ ሐዘን መሰላቸው። ባለቤቱን ላጽናና ብለው በተናደው በኩል ወደ ግቢው ገቡ። "አይግቡ!" ብሎ የጮኸ ሰው ነበር፤ ግን ዘገየ።

ውስጥ የእንድሪስ ሚስት ሩቅያ ከሦስት ሴት ልጆቿ ጋር ቆማለች። ሐጂ "ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን፤ አላህ ሶብሩን ይስጥሽ ልጄ" አሏት። እሷ ግን የምታየው እሳቸውን ሳይሆን የገቡበትን ነበር።

"ሐጂ... ቆመው ገቡ" አለች።

"ምን ማለትሽ ነው?"

ሩቅያ ከጎረቤት በሚያዋስነው ግንብ ሥር ያለውን ቀዳዳ በእጇ አሳየቻቸው። ከጉልበት አይበልጥም። "እኛ የምንወጣና የምንገባው በዚህ ነው። ከጓሮ ጓሮ እየዳህን ከመጨረሻው ቤት በር እንወጣለን። አንዱን በር ለአሥራ አራት ቤት ነው የምንከፍለው፤ ከዚያ በላይ አቅም የለንም። ሰው ቆሞ የሚያልፍበት ሁሉ በር ነው ብለዋላ። እኛ በሕይወት ያለነው እንድሃለን ሐጂ። ሙት ግን እንዴት ብሎ ይድሃል?"

ሐጂ ሱሩር ክው አሉ። ስድሳ ስምንት ዓመት ሲኖሩ ሽፍታም አይተዋል፣ ረሃብም አይተዋል፤ እንደዚያች ቅጽበት የደነገጡበትን ቀን አያስታውሱም። ወጥተው ቃሬዛውን ተሸከሙ። መቃብር እስኪደርስ ድረስ ሌላ ሰው እንዲቀበላቸው እምቢ አሉ።

ከቀብር ተመልሰው የአስርን ሶላት እንደሰገዱ ሸኩር ጠጋ አላቸው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሕግ አክባሪ ነበር። "ሐጂ፣ እንግዲህ የእንድሪስ ቤት በሩ ተከፍቷል። አራት ዓመት ዘግተውታል፤ የአራቱንም ዓመት ይከፍላሉ። እስከ ጁምዓ ካልተከፈለ ቤቱ ለካዝናው ይሸጣል" አለ።

"ሸኩር! የተናደው እኮ ጀናዛ ሲወጣ ነው!"

"ሕጉ በምን ተናደ አይልም። ሰው ቆሞ ሲያልፍበት በዓይኔ አይቻለሁ።"

"ያለፍኩት እኔ ነኝ!"

"ለዚህ እኮ ነው ማንም የማይክደው" አለ ሸኩር። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ካዘኑላት ሰደቃ ይስጧትና ነገሩ ይለቅ" አላቸው።

ምክሩ ለሐጂ ጥሩ መሰላቸው። በማግስቱ ጠዋት ውዝፉን የሚሸፍን ብር በከረጢት ቋጥረው ወረዱ። በተናደው በር ደጃፍ ሲደርሱ ግን ማለፍ ፈሩ፤ ውጭ ቆመው ተጣሩ። ሩቅያ ከውስጥ መጣች። ከረጢቱን ሲዘረጉላት እጇን ሰበሰበች።

"አላህ ይስጥልኝ ሐጂ። ሰደቃ ግን አልጠየቅኩም።"

"ልጄ፣ ቤትሽ ሊሸጥ ነው። የቲም ልጆችሽን ወዴት ትወስጃቸዋለሽ?"

"መጋዘንዎ የተቃጠለበትን ዓመት ያስታውሳሉ?" አለች።

"እንዴት እረሳዋለሁ? ካዝናው ባይተካልኝ ኖሮ ለማኝ ሆኜ ቀርቼ ነበር።"

"እርስዎን ሲተካ ካዝናው ባዶ ቀረ። በዚያ ዓመት የበር ድርሻ እጥፍ ሆነ። የእርስዎ ግቢ አንድ በር፣ የእኔም ቤት አንድ በር። እንድሪስና እኔ ጣታችን እስኪደማ ሰሌን ሰፋን፤ አልሞላም። በራችንን የደፈንነው ያን ጊዜ ነው። የመጨረሻውን ድንጋይ ሲያስቀምጥ አለቀስኩ። እሱ ግን 'አታልቅሺ፤ የሐጂ መጋዘን ቆሞላቸዋል፣ አልሐምዱሊላህ' አለኝ። ከእኛው ላይ የሄደውን ነው እንግዲህ ዛሬ ሰደቃ ብለው ይዘውልኝ የመጡት?"

ከረጢቱ እጃቸው ላይ ከበደ። እዚያው የፈረሰው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ሐራም ቀምሼ አላውቅም ብለው የኖሩ ሰው፣ የቀመሱት ብቻ ሳይሆን ጣራና ግድግዳ አድርገው የሠሩት ሐራም መኖሩን ከአንዲት ባሏ ትናንት ከተቀበረ ሴት አፍ ሰሙ። ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ከግቢያቸው ፊት ለፊት ቆመው ቀሩ። ግመል ከነጭነቱ የሚያልፍበት አንድ ትልቅ በር፤ ከበሩ ጀርባ አሥራ አንድ መጋዘን፣ በረትና ሰፊ ቤት። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ተብሎ ተቆጥሯል። እሳቸውም አንድም ቀን አልቆጠሩትም።

ጁምዓ ጠዋት ከተማው በመዶሻ ድምፅ ነቃ። ሰዉ ተሯሩጦ ሲደርስ ስድስት ግንበኞች የሐጂን የግቢ ግንብ በመንገዱ በኩል እየናዱ ነው፤ ሐጂም አቧራ ለብሰው ድንጋይ ያቀብላሉ። "ሐዘኑ አእምሯቸውን ነካው!" ያለ አለ። "ጂን ነው" ያለም አልጠፋ። ለመስጂድ የወጣው ሕዝብ አፉን በእጁ ይዞ መንገዱን ሞላው። ሸኩር እየሮጠ መጣ።

"ሐጂ፣ ጤናዎን ነው?"

"ቁጠር" አሉት።

"ምኑን?"

"በሩን። አሥራ አንድ መጋዘን ነው፤ ለእያንዳንዱ ወደ መንገዱ በር ከፍቻለሁ። ሰው ቆሞ ያልፍባቸዋል፤ ና እለፍና እይ። ሰባት ዓመት ተዘግተው የኖሩ ናቸውና በሕጋችን መሠረት የሰባቱን ዓመት እከፍላለሁ። አራተኛው ዓመት ላይ ድርሻው እጥፍ እንደነበረ እንዳትረሳ።"

ሸኩር ወደ ተናደው ግንብ እየጠቆመ ጮኸ። "ኧረ በአላህ! እንዲህ በረንዳ አድርገውት ሌባ ይገባብዎታል!"

"ገብቷል እኮ ሸኩር" አሉ ሐጂ። "ሰባት ዓመት ሙሉ ውስጥ ነበር።"

ይህን ያሉት ሐጂ ሱሩር ናቸው፤ ያሉትም ስለ ራሳቸው ነው። ከነጋዴዎቹ መሐል ዓይኑን ከመሬት ያነሳ አልነበረም፤ ምክንያቱም ከአንድ በር ጀርባ ስንት መጋዘን እንዳለው እያንዳንዱ ያውቃል። የሸኩር ስድስት ነበር። ወደ ቤቱ ሄደ። ከአስር ሶላት በኋላ ከእሱም ግንብ የመዶሻ ድምፅ ተሰማ።

በማግስቱ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ከእንግዲህ የሚቆጠረው በሩ ሳይሆን ከበሩ ጀርባ ያለው ንብረት እንዲሆን፣ ብዙ የሚጠበቅለትም ብዙ እንዲያዋጣ ወሰኑ። የሩቅያ ውዝፍ ተሰረዘ። ሐጂ የከፈሉት የሰባት ዓመት ድርሻም ለታችኛው ሰፈር ተመለሰ። ሁሉም ደስ ብሎት ተቀበለው ብዬ አልዋሻችሁም፤ ሁለት ነጋዴዎች ዕቃቸውን ጭነው ሌላ አገር ገቡ። አላህ ይምራቸው።

የታችኛው ሰፈር በሮች በሚከፈቱበት ቀን ሐጂ ወደ ሩቅያ ሄዱ። በአዲሱ መቃን ፊት ቆመው፣ "ልጄ፣ አፉ በይኝ፤ ይቅር በይኝ" አሏት።

ሩቅያ መቃኑን በእጇ ዳሰሰችው። ከዚያ፣ "እኔ በበኩሌ አፉ ብያለሁ ሐጂ" አለች። "እንድሪስ ግን በግንብ ላይ ነው የወጣው። የእሱን ቂያማ ዕለት እሱኑ ይጠይቁት።"

ሐጂ ከዚያ ወዲያ እስኪሞቱ ድረስ በእንድሪስ ሰሌን ላይ ግንባራቸውን ሲደፉ ከሰው ሁሉ ዘግይተው ነበር የሚነሱት ይባላል። በኋለኛው ዘመን ሰዎች በመዋጮ ሲካሰሱ ወደ እሳቸው መጥተው እንዴት እንካፈል ሲሏቸው የሚመልሱት አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ "ቃሬዛ የሚስተካከለው ረጅሙ ጎንበስ ሲል ነው።"

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር የሚያስደነግጠኝ በገመድ የወጣው ጀናዛ ብቻ አይደለም። በዚያ ከተማ አንድም ቀማኛ ሹም አልነበረም። ሕዝቡ ሰጋጅ፣ ነጋዴው ዘካ አውጪ፣ ሕጉን ያወጡትም ደግ ሽማግሌ ነበሩ። በዚህ ሁሉ ደግነት መሐል ግን አሥራ ሦስት ቤት ሰው አራት ዓመት ሙሉ ሲድህ ያየ አልነበረም። በሶላት ሰልፍ እኩል መቆም አንድ ነገር ነው፤ ሸክምን እኩል ማካፈል ግን ሌላ ነው፤ ትከሻችን እኩል አይደለምና። ዙልም፣ ማለትም ግፍ፣ የቂያማ ቀን ጨለማ መሆኑን ስንት ጊዜ በኹጥባ ሰምተን ዙልም ሁልጊዜ የሌላ ሰው ሥራ ይመስለናል። እኔ ይህን ከጻፍኩ በኋላ ወጥቼ የራሴን በር አየሁት፤ ከጀርባው ያለውንም ቆጠርኩ። እናንተም ዛሬ ስትገቡ ቆም በሉና ቁጠሩ።