የሸምስያ ወይን እና የሸሁ ነጭ ጀለቢያ

የከተማዋን ስም ባልጠራ ይሻለኛል፤ የእነዚያ ሰዎች ልጆች ዛሬም ይኖሩባታልና። ቤቶቿ ግንብ ለግንብ ተደጋግፈው የቆሙ፣ መንገዶቿ ጠባብ የሆኑ አንዲት የድሮ ከተማ ነበረች። በዚያች ከተማ ሸህ ሙህዬ የሚባሉ ዓሊም ይኖሩ ነበር። ኪታብ ያስተምራሉ፣ የጋብቻ ኒካህ ያስራሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ። የተረፈውን ጊዜያቸውን ግን የሚሰጡት ለሐረግ ነበር።

በግቢያቸው ሁለት ዓይነት ሐረግ ነበራቸው። በበሩ በኩል የሚያብበው፣ በጓሮ በኩል ወይኑ። ምክር ሊጠይቅ ለሚመጣ ሁሉ ልዩነታቸውን ሳይሰለቹ ያስረዱ ነበር። «አበባው ቶሎ ያስደስትሃል። አንድ ክረምት ከጠጣ ግንቡን ያለብሰዋል፤ ብትረሳውም አይቀየምህም። ወይን ግን ጠባዩ ከባድ ነው። ድጋፍ ይፈልጋል፣ በየዓመቱ መቆረጥ ይፈልጋል፣ ወፍና ተርብ ይጠራብሃል፣ ሲበስል ይንጠባጠባል፣ ያቆሽሻል። ታዲያ የሚያበላህም እሱ ነው» ይሉ ነበር። ሁለቱንም ይወዱ ነበር። አላህ ውብ ነው፣ ውበትንም ይወዳል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ የምቆጣው በአበባ ላይ እንዳይመስላችሁ ነው።

በዚያው ሰፈር ሐጂ ይመር የተባለ ሀብታም ነጋዴና ሸምስያ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ጎረቤታሞች ነበሩ። ግቢያቸውን የሚለየው አንድ ግንብ ነው። ሸምስያ ያላት ሀብት ባሏ ከግንቡ ሥር፣ በእሷ በኩል የተከለው አንድ የወይን ሐረግ ነበር። ፍሬውን ትሸጣለች፤ የተረፈውን ፀሐይ ላይ አስጥታ ዘቢብ ታደርገዋለች። የዓመት ጉርሷ ከዚያ ነው። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ከዚያችው ከጉርሷ ቀንሳ ለመስጊድ ማፍጠሪያ ትልካለች። ግንቡን ተሻግሮ ወደ ሐጂ ይመር ግቢ የተንጠለጠለውን ፍሬ ለጎረቤት ብላ ትታዋለች።

አንድ ቀን ሐጂ ይመር ለዱዓ ሰው ጠርቶ ሳለ፣ ሸህ ሙህዬ ከዚያ ግንብ ሥር ተቀምጠው ነበር። ወፍ የነካው የበሰለ ወይን ወርዶ ነጭ ጀለቢያቸው ላይ ፈረጠ። ሸሁ ሳቁ። ሐጂ ይመር ግን አልሳቀም። (አንቱ ባለማለቴ አትቀየሙኝ፤ ገና ነገሩን አልሰማችሁም።)

የሴት ልጁ የረሂማ ኒካህ ሲቃረብ ሸምስያ ለለቅሶ ወደ ገጠር ሄደች። ሐጂ ይመር የሚጠብቀው ይህን ጊዜ ነበር። ሠራተኞቹን በግንቡ ላይ አሻግሮ፣ ወይኑን ከሥሩ አስቆረጠ። ከሸህ ሙህዬ ግቢ ችግኙን ለምኖ በማሰሮ ሲያሳድገው የቆየውን የአበባ ሐረግ አወጣና በራሱ በኩል ተክሎ፣ ቅርንጫፎቹን በሲባጎ ግንቡ ላይ አሰራቸው። ግንቡ በአንድ ቀን ቀይ ሆነ። ሰው ሁሉ አደነቀ። ስንት ዓመት የዚያን ወይን ፍሬ የበላ ጎረቤት ሁሉ መጥቶ አበባውን አደነቀ፤ ወይኑ የት ሄደ ብሎ የጠየቀ ግን አንድም አልነበረም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሐጂ ይመር ብቻ አይደለም።

የኒካሁ ዕለት ሸህ ሙህዬ ዙህር ሰግደው መንገድ ገቡ። የሸምስያ በር ይቀድማል፤ ከለቅሶው የተመለሰችው በዋዜማው ነው። ድምፃቸውን ስትሰማ ሁልጊዜ ወጥታ ዱዓ ታስደርግ ነበር፤ ያን ቀን አልወጣችም። ቆመው ተጣሩ።

«ሸምስያ፣ ዛሬ ምነው ጠፋሽ?»

በሩን ገርበብ አደረገችው። «አለሁ፣ ሸህዬ። ይለፉ፣ ሰው ይጠብቅዎታል።»

«ያለቀስሽ ትመስያለሽ።»

«ረሂማ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኳት ልጅ ናት። በኒካሁ ቀን ከእኔ አፍ ክፉ ነገር አይወጣም።»

ሸሁ ከትከሻዋ በላይ ወደ ግቢዋ አዩ። ወይኑ ይደገፍባቸው የነበሩት እንጨቶች ራቁታቸውን ቆመዋል። ቅጠሉ መሬት ላይ ደርቋል። ከግንቡ ሥር ጉቶ ብቻ ቀርቷል። ዞረው ወደ ሐጂ ይመር ግቢ ገቡ።

ሐጂ ይመር እጃቸውን ሊስም ሮጠ። «ሸህዬ፣ አዩት? የእርስዎ አበባ እኮ ነው! ያ ወይን ጀለቢያዎን ካበላሸ ወዲህ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለእርስዎ ክብር ስል አስቆርጬ ጣልኩት።»

የሸሁ ፊት ጠቆረ። የተነጠፈላቸውን ምንጣፍ ትተው ባዶ መሬት ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። አንዳንዱ ያመማቸው መስሎት ውሃ ሊያመጣ ተነሳ። ሕመም አልነበረም። የተቆጣ ሰው ቆሞ ከሆነ እንዲቀመጥ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል፤ ሸህ ሙህዬ የተቀመጡት ለዚያ ነው። ብዙ ቆዩ።

«ሥሩ ያለው በማን መሬት ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«በእሷ በኩል ነው። ግንቡ ግን የእኔ ነው።»

«በማን በር ገባህ?»

ሐጂ ይመር ዓይኑን ወደ ግንቡ ሰደደ።

«ለቅሶ በሄደች ሴት ቤት ሰው በግንብ አስዘለህ አስገባህ። ጉርሷን ቆረጥክ። ከዚያ ደግሞ የእኔን ስም ለጠፍክበት! ነገ የውመል ቂያማ፣ በፍርዱ ቀን፣ ሐቋን ስትጠይቅህ፣ ለሸህ ሙህዬ ጀለቢያ ብዬ ነው ልትል ነው?»

አንድ ሽማግሌ ለማብረድ ሞከሩ። «ሸህዬ፣ የደስታ ቀን ነው። ኒካሁ ይታሰርና ነገሩን ነገ እናየዋለን።»

«ልጅቷ ጥፋት የለባትም፤ ኒካሁን አስራለሁ» አሉ ሸሁ። «እዚህ ግን አላስርም። ሸምስያ ከፈቀደች ከጉቶው አጠገብ አስራለሁ። ፈቃድ የሚጠይቃትም የልጅቷ ወሊይ፣ አባቷ ነው። በግንብ ያስገባህበትን ቤት ዛሬ በበሩ ታንኳኳለህ።»

ሐጂ ይመር ሌላ ዓሊም ሊያስጠራ አስቦ ዞር ሲል፣ የተሰበሰበው ጀማዓ ከሸሁ ኋላ ተነስቶ ቆሟል። የሙሽራው አባት ሳይቀር። አማራጭ አልነበረውም፤ ወጣ።

የሰው ቤት ለመግባት ሰላምታ እስከ ሦስት ጊዜ ነው፤ ካልተመለሰ መመለስ ነው። ይህን እዚያ የቆመ ሁሉ ያውቃል። ሐጂ ይመር በሯ ላይ ቆሞ «አሰላሙ ዓለይኩም» አለ። መልስ የለም። ደገመ። ከውስጥ የእግር ኮቴ ተሰማ፤ መልስ ግን አልመጣም። ሸህ ሙህዬ አንድ ቃል አልረዱትም። ሦስተኛውንም አለ፤ ይህን ካልመለሰች የልጁን ኒካህ ይዞ መመለሱ ነው።

በሩ ተከፈተ። «ወዓለይኩሙ ሰላም። ለረሂማ ስል ግቡ» አለች ሸምስያ። «የወይኔን ነገር ግን ይቅር ብዬ አውፍ አላልኩህም።»

«ኧረ በዚህ ቀን አውፍ በይው!» ብሎ አንዱ ሊጫናት ሲል ሸሁ እጃቸውን አነሱ። «ተዋት። ሐቁ የእሷ ነው። ሲሻት ትላለች።»

ኒካሁ እዚያው፣ ባዶ እንጨቶቹ ሥር ታሰረ። ዱዓው ሲያበቃ ሸህ ሙህዬ በሰው ሁሉ ፊት ተናገሩ። የተቆረጠው በእሳቸው ስም ስለሆነ፣ ጉቶው አቆጥቁጦ እስኪያፈራ ድረስ የጓሯቸው ወይን ፍሬ የሸምስያ ነው። ጉቶውን የሚያጠጣውና የሚንከባከበው ሐጂ ይመር ነው፤ በሠራተኛ ሳይሆን በገዛ እጁ፣ በበሩም ፈቃድ እየጠየቀ። አበባውስ ቢሏቸው፣ «አበባው ምን አጠፋ? ከራሱ በር ላይ ይትከለው» አሉ።

ሐጂ ይመር አጠጣ። መጀመሪያ ሰው እንዳያየው እየተሳቀቀ ነበር፤ እያደር መሳቀቁን ተወው። ጉቶው አቆጠቆጠ፣ እንጨቶቹን ያዘ፣ ከዓመታት በኋላ አፈራ። ያን ጊዜ ሸምስያ ሸሁንና ሐጂ ይመርን ጠራቻቸው። የመጀመሪያውን ዘለላ ለሐጂ ይመር ሰጠችውና «አውፍ ብዬሃለሁ» አለችው። ሰውየው ዘለላውን እንደያዘ አለቀሰ።

ሸህ ሙህዬ በነጭ ጀለቢያቸው መጥተው ልክ ከሐረጉ ሥር ተቀምጠው ነበር። ወፍ የነካው ወይን ወርዶ ደረታቸው ላይ ፈረጠ። ሐጂ ይመር ደንግጦ ውሃ ሊያመጣ ብድግ አለ።

«ተወው» አሉት። «ይኸኛው ይታጠባል።»

ባለፈው ጁምዓ አንድ ወንድም ከሶላት በኋላ አስቁሞኝ፣ ለግቢው አጥር የሚያብብ ሐረግ ይሻል እንደሆነ ወይስ የሚበላ ጠየቀኝ። ደስ ያለህን ትከል አልኩት፤ ሁለቱም የአላህ ኒዕማ፣ የአላህ ጸጋ ናቸው። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ልብሳችን ላይ ጠብታ ስታርፍ እንጮሃለን፤ የደካማ ጉርስ ቆርጠን አጥራችንን ስናሳምር ግን ማሻአላህ እንባባላለን፤ ይባስ ብለን ለዲን ክብር፣ ለዓሊም ክብር ነው እንላለን። የሰው ሐቅ በሳሙና አይለቅም፤ ከባለሐቁ በቀር የሚያጥበው የለም። እንግዲህ ያንተም እጅ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ካለ፣ አበባውን ከመትከልህ በፊት ሄደህ በሯን አንኳኳ። ካልከፈተችልህ ተመለስ፤ ነገም ሂድ።