ፀሐይ የበላው ትርፍ

አንዲት ይርገዱ የምትባል በርበሬ አዘጋጅታ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ታናሽ እህቷን ስመኝን አሳድጋ፣ ኮሌጅ ልካ የሒሳብ አያያዝ አስተምራታለች።

ስመኝ ተመርቃ ስትመለስ አንድ ነገር አስተዋለች። አራት ኪሎ ዛላ በርበሬ ተቀንጥሶ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ ሲፈጭ ሦስት ኪሎ እንኳ አይሞላም። ይርገዱ ግን ዋጋ የምታወጣው በገዛችው ኪሎ ልክ ነበር። ገበያተኛው ደጇ ላይ የሚጋፋው ከከተማው ሁሉ ርካሽ እሷ ስለሆነች ነው። ጉድለቱን የሚሸፍንላት ከወላጆቻቸው ከወረሱት ቤት የምታገኘው ኪራይ ነበር፤ ሁለቱንም ብር በአንድ መቀነት ስለምትቋጥር ግን ጉድለቱን አታውቀውም ነበር።

“በሸጠች ቁጥር እየከሰረች ነው” አለች ስመኝ በልቧ። ልትናገር ትነሳና ያጎረሳትን እጅ መንቀፍ ይመስላታል። አፍራ ትቀመጣለች።

አንድ ቀን ይርገዱ እየሳቀች መጣች። “ቤቱን ሸጬ የራሴን ወፍጮ ልተክል ነው። ምን ትያለሽ፣ አንቺ የተማርሽው?”

ስመኝ መሬት መሬት እያየች፣ “እትዬ፣ አንቺ ካልሽ…” አለች።

“ወይ አንቺ! ለባል ሲጠይቁሽም እንዲሁ ልትዪ ነው?”

ቤቱ ተሸጠ፤ ወፍጮው ተተከለ። ሽያጩ በጨመረ መጠን ኪሳራውም ጨመረ፤ አሁን የሚሸፍነው ኪራይ የለም። በመጨረሻ ወፍጮውም ለዕዳ ሄደ። ይርገዱ በሌላ ነጋዴ ግቢ በቀን ሠራተኛነት በርበሬ መቀንጠስ ጀመረች።

ከዓመታት በኋላ ስመኝ እዚያው ግቢ አጠገቧ ተቀምጣ አብራት ስትቀነጥስ፣ ያፈነችው ነገር አመለጣት። “እትዬ፣ በርበሬው እንደሚያከስርሽ ያኔ አውቅ ነበር” ብላ ሁሉንም ነገረቻት።

የይርገዱ እጅ ቆመ። “ቤቱ ሳይሸጥ?”

“ሳይሸጥ።”

“ምነው ታዲያ?”

“አፈርኩሽ።”

ይርገዱ እጇ በርበሬ ስለነካው ዓይኗን መጥረግ አልቻለችም። እንባዋ ዝም ብሎ ወረደ። “ብትነግሪኝ እቆጣሽ ነበር” አለች። “ሲበርድልኝ ግን እመዝነው ነበር።”

ሠርተን የምንሸጥ ሁሉ፣ ዋጋ ከማውጣታችን በፊት ተሠርቶ ያለቀውን እንመዝን፤ የንግዱንም ብር ከቤቱ ብር እንለይ። የምንወደውን ሰው ላለማሳፈር ብለን ዝም ስንል ደግሞ ያከበርነው ይመስለናል እንጂ፣ ከጉዳቱ ጋር ብቻውን ትተነዋል። እናንተስ እያወቃችሁ፣ አፍራችሁ ያልነገራችሁት ማን አለ?