በሙጫ የታሸገው እግር

ልጆች፣ ጆሯችሁን ወደ እኔ፣ ዓይናችሁን ወደ በሩ አድርጉ።

ድሮ፣ ንብ ሲናገር ቀፎ መልስ በሚሰጥበት ዘመን፣ አንድ ዋንዛ ላይ የተሰቀለ ቀፎ ነበር። በሩን የምትጠብቀው አሮጊቷ ንብ እማማ ዘቢቱ ነበረች።

እዚያው ቀፎ ውስጥ ዘላይት የምትባል ንብ ተወለደች። ዘላይት አበባ አትቀስምም፣ ሰም አትሠራም። ሥራዋ ከጓዳ ጓዳ እየዘለሉ እንቁላል መጣል ነው። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለውም ያው ራሷ ዘላይት ናት፤ መልኳም፣ ስንፍናዋም።

«እማማ፣ አንድ ጓዳ ብቻ ይፍቀዱልኝ። እኔስ የቤቱ ልጅ አይደለሁም?» አለች።

እማማ ዘቢቱ አሸተተቻት። የቤቱ ጠረን ነው። ፈቀደችላት።

አንዷ ዘላይት ሦስት ሆነች፤ ሦስቱ መንጋ ሆኑ።

«ኧረ እናንተ፣ ሞላሁ፤ ግን ቀለልኩ!» ብሎ ቀፎው ጮኸ። እውነቱን ነው፤ አፉ በዛ፣ ማሩ አለቀ።

ያኔ እማማ ዘቢቱ አንዷን ዘላይት አንቃ እግሯን ቆረጠች። ከላይ የቤቱ ጠረን ነበር፤ ከቁስሉ ግን ሌላ፣ የሚኮመጥጥ ጠረን ወጣ። እግሩን፣ የተቆረጠበትን ጫፍ ብቻ ክፍት ትታ፣ በዛፍ ሙጫ አሽጋ በሩ ሥር አስቀመጠችና ዘቦቹን ጠራች።

«በየማለዳው ይህን አሽትቱ። ይህ ጠረን ያለበትን ጓዳ በሰም ድፈኑት።»

ደፈኑ። አንዲት ሞግዚት ንብ እየሮጠች መጣች።

«እማማ፣ አጠገቡ ያለው የኔ ልጅ ነው! አብሮ ታፈነ!»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።» ብታውቅም መድፈኑን አላስቆመችም።

ዘላይቶቹ አልሞቱም። ከሰሙ ሥር ሆነው ያንሾካሹካሉ፤ «ዘቢቱ ታረጃለች። ዘቢቱ ትተኛለች።»

ከዚያ ወዲያ አዲስ ንግሥት ጎጆ ልትወጣ ስትል፣ ከእግሩ ቁራሽ ይዛ መሄድ ልማድ ሆነ። የመጀመሪያዋ ያዘች። ሁለተኛዋም ያዘች። ሦስተኛዋ ወለላ ናት፤ እማማ ዘቢቱ ራሷ ያሳደገቻት፣ የምትሳሳላት።

«በሙሽርነቴ ቀን የሬሳ እግር ልሸከም? ይሸታል እኮ፣ እማማ!»

«እንድታሸቺው እኮ ነው፣ ልጄ።»

«የምገባው አዲስ ግንድ ነው። እዚያ ምን ዘላይት አለ?»

አጃቢዎቿ ሳቁ። ከሁሉ አብልጣ የሳቀችው፣ ሰሙን ቀድዳ የወጣች ዘላይት ነበረች። መንጋው በአንድ ጊዜ ሆ ብሎ ሲወጣ ግን ማን ማንን ያሸታል? ወለላም ቁራሹን ሳትይዝ ሄደች።

ክረምቱ አለፈ። እማማ ዘቢቱ ባረጀ ክንፏ ወደ ወለላ አዲስ ቀፎ በረረች።

«እንደምን ከርመሃል?»

«ሞልቻለሁ» አለ ቀፎው። «ግን ቀልያለሁ።»

አንገቷን ወደ ውስጥ አሰገገች። ጠረኑ መታት። ከየጓዳው አንድ ዓይነት ፊት ብቅ አለ፤ ባንድ ድምፅም፣ «እማማ፣ አንድ ጓዳ ብቻ ይፍቀዱልን» አሉ።

«ወለላ! ልጆችሽስ?»

«ልጅ የለኝም፣ እማማ» አለች ወለላ ከጨለማው። «ዘላይቶቹ ወደ እህቶቼ ቀፎ ሊወጡ ነው። እኔን አይዩኝ፤ በሩን ይድፈኑት።»

እማማ ዘቢቱ ሙጫ አመላልሳ በሩን ደፈነች። ጆሮዋን ሳትደፍን።

እናም ልጆች፣ ለልጅ የሚወረሰው ማሩ ብቻ አይደለም፤ ያቆሰላችሁም ነገር ቁራሹ ይወረስ፣ ቢሸትም። በሉ እንግዲህ፣ ስትገቡ በሩን አይታችሁ ግቡ።