የአያ ቸኮል ማደሪያ

የሞቀው ሰው የሚወዳት ተረት አለች። እሳቱ ነዶ፣ ጠላው ቀርቦ፣ ደጁ ተቀርቅሮ ሳለ ደረቱን ነፍቶ ይተርታታል። መጀመሪያ የተተረተችለት ሰው ግን እሳትም ደጅም አልነበረውም።

ስሙ ቸኮል ነው። አያ ቸኮል ቤት የለውም፤ ቤቱ ውሸቱ ነበር። ሲመሽ ደስ ባለው ደጅ ላይ ቆሞ «ቤቶች! የመሸበት እንግዳ!» ይላል፤ ባለቤቶቹም እየተሻሙ ያስገቡታል። እራቱን ከበላ በኋላ ይጀምራል፦ በጨለማ አንበሳ በሬ መስሎት እንደጠመደ፣ አንበሳውም አፍሮ ዝም ብሎ እስከ ረፋድ እንዳረሰለት። ሰዉ ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ መደቡም ይለቀቅለታል።

ያልሳቁት የነፍስ አባቱ መምሬ ላቀው ብቻ ነበሩ። «ሐሰት የዲያብሎስ ልጅ ናት!» ብለው ለአንበሳው ንስሐ ሰጡት። ጉልበቱ እስኪላጥ ጾሙን ሙሉ ሰገደ። በፋሲካ ማግስት አንበሳው ሁለት ሆነ።

ታኅሣሥ ላይ የእማሆይ ውዴ የጤፍ ክምር ተቃጠለ። መበለቲቱ ከዚያ ክምር ሌላ የዓመት ጉርስ አልነበራቸውም። ማን እንዳቃጠለው አልታወቀምና አውጫጭኝ ተጠራ። አገሬው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ያየውን የሰማውን እየማለ ይናገራል፤ ጥፋተኛው ካልወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይገባም።

አያ ቸኮል ግን ያውቅ ነበር። እሳቱ የተነሳ ሌሊት ያደረው ከመንደሩ ጭቃ ሹም ከአስማረ ቤት ነው። ልጃቸው አዛናው የሰው ቀፎ ሊቆርጥ ሄዶ፣ ፊቱ በንብ ተነድፎ፣ የማር እንስራ አቅፎ፣ ጭስ ጭስ እየሸተተ ሲገባ አይቶታል።

«ችቦውን የት ጣልከው?» አሉ አባት በሹክሹክታ።

«ንቦቹ ሲያባርሩኝ... ክምሩ ላይ።»

ጭቃ ሹሙ ዘወር ሲሉ የእንግዳው ዓይን እንደ ድመት ዓይን ፈጧል። ከማሩ ቆርጠው ሰጡት። «ብላ፣ ቸኮል። አንተ ተኝተሃል።»

በላ። ማሩም ጣፋጭ ነበር።

በአውጫጭኙ ቀን ወሬው አስቀድሞ ተሸምኗል። እሳት ከማን ቤት ይወጣል? ከቀጥቃጩ! ቀጥቃጩ ቦጋለ ከሩቅ አገር የመጣ፣ ዘመድ የሌለው ሰው ነው። የነገረውን ሰው መጥራት ያልፈለገ «ወፍ ነገረችኝ» ማለት ወግ ነውና፣ ሁሉም ተራ በተራ እየተነሳ ማለ፤ ያን ቀን ወፏ የምታውቀው አንድ ስም ብቻ ነበር።

ቦጋለ የቆዳ ሽርጡን በእጁ እየጨመቀ ቆሟል። «ጎበዝ፣ ቤቴን ልታፈርሱ ነው? ሚስቴ እርጉዝ ናት፤ ወዴት ልሂድ?»

ፀሐይዋ ማዘንበሏን የሚያይ እንጂ እሱን የሚያይ አልነበረም።

አያ ቸኮል ሊምል ሲነሳ መምሬ ላቀው መስቀሉን አቀረቡለትና ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ እንደ ሰዉ ተናገርና እንግባ። ለሰላም የሚሆን ውሸት እግዜር አይቆጥረውም። ረዓብ እንኳ ዋሽታ አልጸደቀችም?»

«ረዓብ የዋሸችው ሰው ልታድን ነው፣ አባቴ። እርስዎ ዋሽ የሚሉኝ ሰው ላጠፋ ነው።» ጉልበቱን አሻሸ። «ለአንበሳው ያን ያህል ያሰገዱኝ፣ ለቦጋለማ ምን ሊያሰግዱኝ ነው?»

ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሁሉንም ተናገረ፤ ቀፎውን፣ ችቦውን፣ የበላውንም ማር።

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። «ዛሬ ደግሞ ንብ ጠመደ!» አለ አንዱ። ጭቃ ሹሙም ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ከጥርሳቸው አላለፈም።

«ሳቁ ግድ የለም» አለ አያ ቸኮል። «አዛናው የታለ? ምች መቶት ተኝቷል አላችሁ። ሂዱና ፊቱን እዩት፤ ምች እሾህ የለውም።»

የሸንጎው ሽማግሌ አቶ አድማሱ ሰው ላኩ። የሄዱት ሲመለሱ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ጭቃ ሹሙ ክምሩን ከጎተራቸው ሊተኩ ተፈረደ፤ ቦጋለ ነጻ ወጣ፤ ሰዉም ተበተነ። አያ ቸኮልን ግን «አበጀህ» ያለው ሰው የለም። በአንድ አፍ አገሩን ሁሉ የሐሰት ምስክር አድርጎታል፤ እንዲህ ያለውን ማን ይወዳል?

መሸ። «ቤቶች! የመሸበት እንግዳ!»

አንበሳው በየሳምንቱ ካረሰበት ቤት «በሽተኛ አለብን!» የሚል ተሰማ፤ ውስጥ ግን ይሳቃል። በቀጣዩ ቤት ብርሃኑ ጠፋ። ከነፍስ አባቱ ደጅ ሲደርስ «መምሬ የሉም፣ ቤተ ክርስቲያን ናቸው» ያሉት ራሳቸው መምሬ ላቀው ነበሩ፤ ድምፃቸውን እንኳ አልለወጡም።

በመጨረሻ ቀጥቃጩ ቤት ሄደ። ቦጋለ በሩን ገርበብ አድርጎ ከፈተና ትኩስ ቂጣ አቀበለው። እንባው ይወርዳል።

«አያ ቸኮል፣ ዕድሜ ልኬን አልረሳህም። ግን ጭቃ ሹሙ ነገም ጭቃ ሹም ናቸው። አንተን አሳድሬ ነገ ሌላ ክምር ቢቃጠልስ?»

«ግባ፣ ብርድ ነው። ዛሬ እውነት የነገረኝ አንተ ብቻ ነህ» አለና አያ ቸኮል ሄደ።

የተቃጠለው ክምር አመድ ገና ለብ ያለ ነበር። እዚያው ኩርምት ብሎ ቂጣውን ሲቆርስ አቶ አድማሱ ከሸንጎ አምሽተው ሲመለሱ አዩት።

«ቸኮል ነህ እንዴ? ምነው አመድ ላይ?»

«ደጁ ሁሉ ተዘጋብኝ፣ ጌታዬ። የእርስዎ ብቻ ቀርቶኛል።»

ሽማግሌው ወደ ጭቃ ሹሙ ቤት ጭስ አዩ፣ ወደ ገዛ ቤታቸው ጭስም አዩ። ከዚያ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው መንገዳቸውን ቀጠሉና፣ ዘወር ሳይሉ፣ ምርቃት በሚመስል ድምፅ «አይዞህ ልጄ፣» አሉት፣ «እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ነው።»