ዋስ ያጣው ሶላር

ተረት ልነግራችሁ ነው። ባታምኑኝ አልቀየምም፤ እኔም የነገረኝን ሰው ሦስቴ አስምዬ ነው የሰማሁት።

ጨፌ ግራር በሚባል አገር አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ሰው ሁሉ "ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር" እያለ ሲቀልድ፣ እሷ የምሯን ገንፎውን በማንኪያ ገልብጣ የምታይ ናት። ወተት ስትገዛ ጣቷን ነክራ ትቀምሳለች። "እንዴት አደርሽ?" ያላትን ሰው "ምን ፈልገህ ነው?" ትለዋለች። ጠባዩን ደግሞ ከሜዳ አላመጣችውም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ዋርሳዋ፣ የባሏ ወንድም ማለቴ ነው፣ መሬቷን የእኩል ሲያርስላት ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ እኩል ተብሎ የሚደርሳት እህል ግን አንድም ዓመት እኩል ሆኖ አያውቅም። ዘንድሮ ቆረጠች። "መሬቴን ራሴ አለማለሁ" ብላ የሽንኩርት ችግኝ አፈላች። ዋርሳዋ አጥሩን ተደግፎ፣ "ግድ የለም፣ ችግኙ ከደረቀ በሬዎቼ አሉልሽ" አላት። አሽሙሩ ገባት። ችግኙ ከደረቀ መሬቱ ተመልሶ እሱ እጅ ነው የሚወድቀው።

የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው፤ ውኃ። ውኃውም ሩቅ አይደለም፤ እግሯ ሥር ጉድጓዱ ውስጥ ተኝቷል። ችግኙን "ቁም" አለችው፤ ችግኙ አንገቱን ደፍቶ "ያለ ውኃ አልቆምም" አላት። ፓምፑን "ሳብ" አለችው፤ ፓምፑ አዲስ ነው፣ የሚሠራውም በፀሐይ ነው፣ "ያለ ሶላር አልስብም" አላት። ናፍጣ ጠጪው አሮጌ ሞተርማ ናፍጣ ከጠፋ ወዲህ ዶሮ ማደሪያ ሆኗል። ቀኑ ሰኞ ነው፤ ችግኙ ደግሞ ከቅዳሜ አያልፍም።

እንድሪስ ቤት ሄደች። በዚያ አካባቢ ሶላር የሚሰቅል ቴክኒሻን እሱ ብቻ ነው።

"እንድሪስ፣ አርብ ገበያ ከተማ ሀጂ ሙህዬ ሱቅ ሶላር መጥቷል አሉ። አብረን ሄደን እንግዛና ስቀልልኝ።"

"የትኛው ሶላር፣ እትዬ አንጓች?"

"አዲሱ፣ እዚሁ አገራችን የሚሠራው። የውጪው ጠፍቷል።"

እንድሪስ በእጁ የያዘውን መፍቻ ኪሱ ከተተው። "የኛውን አልሰቅልም። አምና የሰቀልኩት ሶላር ወረቀቱ ላይ ጀግና ነበር፤ ፀሐይ ሲያይ ጭል ጭል ማለት ጀመረ። የሸጠው ነጋዴ ጠፋ፤ ስድቡን የጠጣሁት እኔ ነኝ። ዋስ ጥሪ። ሻጩ 'ቢበላሽ እኔ አለሁ' ካለ እሰቅላለሁ።"

አንጓች አልተቆጣችም፤ እሷም ብትሆን ይህንኑ ነበር የምትለው። በዚያ አገር ያለ ዋስ የሚሆን ነገር የለም። ጥማድ በሬ ለመዋስ ዋስ፣ ልጅ ለመዳር ዋስ፣ ተጣልቶ ለመታረቅም ዋስ ይጠራል። ዋሱን ያላመነ ደግሞ የዋስ ዋስ ይጠይቃል።

ማክሰኞ አርብ ገበያ ወረደች። ሶላሩ ሱቁ በር ላይ ቆሟል። ጠጋ ብላ በጥፍሯ ቧጨረችው፤ ጀርባውን አየች፤ አሸተተችው። ምንም አይሸትም፤ ይህም አላማራትም። "ሀጂ፣" አለች፣ "ችግኙ ያለ ውኃ አልቆምም አለ፤ ፓምፑ ያለ ሶላር አልስብም አለ፤ እንድሪስ ያለ ዋስ አልሰቅልም አለ። እባክዎ ዋስ ይሁኑኝ።"

ሀጂ ሙህዬ ሐቀኛ ነጋዴ ናቸው፤ ሐቀኛ ስለሆኑም ማንንም አያምኑም። ከመሳቢያ አንድ ወረቀት አወጡ። "የዋስትና ወረቀቱ ይኸውልሽ። ማህተም አለው? የለውም። ማህተም በሌለው ወረቀት ላይ ስሜን አስፍሬ አላህ ፊት ምን ልል ነው? ፋብሪካው ማህተሙን ይምታ፣ ያኔ ዋስሽ ነኝ። እስከዚያ ሶላሩም ከዚህ በር ንቅንቅ አይልም።"

ረቡዕ ጠዋት ወደ ፋብሪካው የሚሄድ ባጃጅ ተሳፈረች። ሹፌሩ ወሬ ወዳድ ነው። "እናቴ፣ ሥራ ፍለጋ ነው?" አላት።

"ማህተም ፍለጋ ነው" አለችው። "ችግኙ ያለ ውኃ አልቆምም አለ፤ ፓምፑ ያለ ሶላር አልስብም አለ፤ እንድሪስ ያለ ዋስ አልሰቅልም አለ፤ ሀጂ ሙህዬ ያለ ማህተም ዋስ አልሆንም አሉ።"

"ፋብሪካ ተብዬው ደግሞ፣" አለ ሹፌሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ከውጪ የመጣ ዕቃ ስሙ ተፍቆ የሚቀየርበት ቤት ነው ይባላል።" ወሬው በአንጓች ሆድ ገብቶ ተቀመጠ።

ኃላፊውን አቶ ደስአለውን እንዳገኘችው የጠየቀችውም ይህንኑ ነው። "ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። ይኸ ስም የሚቀየርበት ቤት ነው?"

ሰውየው በመስኮት አሳያት። ፀጉራቸውን በነጭ ቆብ የሸፈኑ ሴቶች፣ አንዳንዶቹን ገበያ የምታውቃቸው፣ ጥቁር ሰማያዊ ስስ ቅጠል የመሰለ ነገር ደርድረው ሽቦ ይበይዳሉ። "ፀሐይዋን የሚጠጣው ያ ስሱ ነገር ከውጪ ነው የሚመጣው" አላት። "መበየዱ፣ መስተዋት ማልበሱ፣ ክፈፉን መግጠሙ ግን የእነሱ እጅ ነው። ዱቄቱ የሰው፣ ማቡካቱ የኛ በሉት።"

"እንዲያ ከሆነ ግማሹ ውሸት ነው።"

"ግማሹ ደግሞ እውነት ነው፣ እናቴ።"

መልሱን ወደደችው። ሙሉው የኛ ነው ብሎ ቢምልላት ኖሮ ትታው ትሄድ ነበር። "በል እንግዲያው ማህተሙን ምታልኝ" አለችው።

አቶ ደስአለው ማህተሙን ከጠረጴዛው አነሳና መልሶ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። "በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል። አገሩ ሁሉ በኛ ዕቃ ላይ ይጠረጥራል፤ አንዱ ቢበላሽ 'ድሮስ' ነው የሚሉን። ስለዚህ መርማሪያችን ሳትፈርም ማህተም አልመታም።"

መርማሪዋ ምንትዋብ የምትባል ቀጭን ልጅ ናት። አንጓች ወንበር ሳትጠብቅ ጀመረችላት። "ችግኙ ያለ ውኃ አልቆምም አለ፤ ፓምፑ ያለ ሶላር አልስብም አለ፤ እንድሪስ ያለ ዋስ አልሰቅልም አለ፤ ሀጂ ሙህዬ ያለ ማህተም ዋስ አልሆንም አሉ፤ አቶ ደስአለው ያለ ፊርማ ማህተም አልመታም አለ። ፈርሚልኝ፣ ልጄ።"

"እዚህ ክፍል ውስጥ በመብራት ሞክሬዋለሁ፣ ጥሩ ነው" አለች ምንትዋብ። "ግን መብራት ፀሐይ አይደለም። አቧራውን አላውቅም፤ የገበሬውን እጅ አላውቅም። የሠራነው እኛው፣ የመሰከርነው እኛው ሆነን እንዴት እፈርማለሁ? ሜዳ ላይ የሞከረ ገበሬ ይመስክርልኝ።"

የራሷን ሥራ የምትጠረጥር ሴት ስታይ አንጓች የመጀመሪያዋ ነው። ልጅቷ ሆዷ ገባች። "ያን ገበሬ ከየት ላምጣልሽ?"

"አሉ፣ ወንዝ ማዶ፣ አያ ጎበዜ የሚባሉ። አንድ ሶላር ከነትንሽ ፓምፑ ለሙከራ ሰጥተናቸው ሁለት ወር ሆነ። ስንደውልላቸው ስልኩን ያነሱና ዝም ይላሉ።"

ሐሙስ አንጓች ወንዙን ተሻገረች። አያ ጎበዜ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ፣ ገና ከሩቅ ሲያያት "የምርጫ ነገር ከሆነ መርጫለሁ" አላት።

"የምርጫ አይደለም፣ አያ ጎበዜ። የሶላሩ ነገር ነው።"

"የቱ ሶላር?" አለ። ብዙ ከተለመነ በኋላ ወደ ውስጥ አስገባትና አልጋው ሥር ገባ። አንድ ማዳበሪያ፣ ከማዳበሪያው ውስጥ ብርድ ልብስ፣ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ሌላ ብርድ ልብስ ፈታ። ሶላሩ ከነፓምፑ እንደ አራስ ተጠቅልሎ ተኝቷል።

"ምነው ሸፈንከው?"

"ፀሐይ እንዳያበላሸው።"

አንጓች መሬት ላይ ቁጭ አለች። "ሁለት ወር ሙሉ ፀሐይ አልነካውም?"

"አንድም ቀን" አለ በኩራት። "እንደ ተሰጠኝ ነው ያለው። እኔ ቀድሜ ልሞኝ? በነፃ የመጣ ነገር ውስጡ ነገር አለው። ጨፌ ግራር አንጓች የምትባል ሴት አለች አሉ፤ ገንፎ የምትመረምር። እሷ ሞክራ 'ይሠራል' ካለች ያን ጊዜ አወጣዋለሁ። አንጓች ያላመነችውን አላምንም።"

እንግዲህ ቁጠሩልኝ። ችግኙ ያለ ውኃ አልቆምም አለ፤ ፓምፑ ያለ ሶላር አልስብም አለ፤ እንድሪስ ያለ ዋስ አልሰቅልም አለ፤ ሀጂ ሙህዬ ያለ ማህተም ዋስ አልሆንም አሉ፤ አቶ ደስአለው ያለ ፊርማ ማህተም አልመታም አለ፤ ምንትዋብ ያለ ምስክር አልፈርምም አለች፤ አያ ጎበዜ ያለ አንጓች አልመሰክርም አለ። አራት ቀን የሮጠችው ራሷን ፍለጋ ኖሯል። መጀመሪያ ሳቋ መጣ፤ ቀጥሎ ግን አፈረች። ጥርጣሬዋ እሷን ቀድሞ ወንዝ ተሻግሮ፣ የራሷን ችግኝ ውኃ ሲከለክል ከረመ።

"አንጓች እኔ ነኝ" አለችው።

"በምን አውቃለሁ?"

መታወቂያዋን ሰጠችው። ፎቶውን አየ፣ ፊቷን አየ። "ይቺኛዋ ወፈር ትላለች" አለና መለሰላት። "ይሁን፣ ነሽ እንበል። አውጥቼው ቢበላሽስ፣ እታለም? ዋሱ ማነው?"

አንጓች ወደ ወንዙ ማዶ ተመለከተች። ነገ ዓርብ ነው። ሌላ ሰው ልጥራ ብትል የቀራት ሰው የለም። "ዋሱ እኔ ነኝ" አለች። "ቢበላሽ የዘንድሮ መሬቴን እረሰው።" ለዕቃ አይደለም ለሰው እንኳ ዋስ ሆና አታውቅም።

ሶላሩን ተሸክመው ጓሮው ካለው ጉድጓድ አጠገብ አስደገፉት። ፓምፑን አወረዱ። ሽቦውን ከሽቦ ገጠሙ። ፓምፑ አጉረመረመ፣ ቧንቧው አክ አክ አለ፣ መጀመሪያ ጭቃ ተፋ፣ ከዚያ ንጹሕ ውኃ መጣ።

አያ ጎበዜ እጁን ዘረጋ፤ አንጓች ግን "ቆይ" አለችው። ይሄኔ ውስጡ ባትሪ ደብቀውበት ይሆናል። ነጠላዋን አውልቃ ሶላሩ ላይ ጣለችበት። አንድ እጥፍ ሲሆን ውኃው ቀጠነ፤ አራት እጥፍ ስታደርገው ቀጥ አለ። ገለጠችው፤ መጣ። ሸፈነችው፤ ቆመ። ሰባት ጊዜ ሸፈነች፣ ሰባት ጊዜ ገለጠች። በሰባተኛው ነጠላዋን መልሳ ለበሰችና "ፀሐይዋን ነው የሚጠጣው፣ ሌላ ነገር የለበትም" አለች። ከዚያ በኋላ ነው እጇን ውኃው ውስጥ የነከረችው።

አያ ጎበዜ መሰከረ፤ ቃሉን በወረቀት አድርጎ ጣቱን አሳረፈበት። ምንትዋብ ወረቀቱን ሁለቴ አንብባ ፈረመች። አቶ ደስአለው ፊርማውን አይቶ ማህተሙን መታ። ሀጂ ሙህዬ ማህተሙን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አይተው ዋስ ሆኑ፤ ሶላሩንም ሸጡላት። እንድሪስ ዋሱን ሰምቶ፣ ቅዳሜ ማለዳ መሰላሉን ይዞ መጣና ሶላሩን ሰቀለ። ሶላሩ ፀሐይ ጠጣ፤ ፓምፑ ሳበ፤ ውኃው በቦዩ ወርዶ ችግኙ ሥር ደረሰ። ዋርሳዋ መጥቶ የሶላሩን ጀርባ ዞሮ አየ፤ የተደበቀ ሽቦ ፈልጎ አጣና ወደ በሬዎቹ ሄደ። እስከ እኩለ ቀን ከችግኙ ግማሹ ቀና አለ። አንጓች የችግኙ መደብ ዳር ተቀምጣ አለቀሰች፤ ደስ ብሏት ነው።

በዚያው መሐል ከምሥራቅ አንድ ወፍራም ደመና ብቅ አለ። ጥላው መሬቷ ላይ ሲያርፍ የቦዩ ውኃ ቀጠነ። ያቺ ዕድሜዋን ሁሉ ወደ ሰማይ አንጋጣ ደመና ስትለምን የኖረች ገበሬ ተነስታ ቆመች፤ እጇንም ወደ ላይ አወዛወዘች። "እባክህ ዛሬ እለፈን፣ ነገ ና" አለችው። "ችግኞቼ እየጠጡ ነው።"

የሰማሁትን አደረስኩ። ያልተዋጠለት ካለ ጨፌ ግራር ይውረድና ሽንኩርቷን ይቅመስ።