ዓሣ ነባሪው የተባረረበት ወቅት

ተረት ተረት፣ የባሕር በረት። በዚህ ተረት ሊጠፋ የተቃረበው የሰርዲን ዓሦች የዓመት ጫጩት በሙሉ ነበር።

ጫጩቶቹ የሚኖሩት በውሃው ላይ በሚንሳፈፈው አረንጓዴ ደቃቅ ተክል ነው። አንድ ወቅት ደቃቁ ሳሳ። ግማሹ ዓሣ «ፀሐይዋ ውሃውን አሙቃው ነው» አለ፤ ግማሹ በነፋሱ አሳበበ። ቆጣሪ ነኝ ባዩ ሸርጣን ግን ጥፋተኛው ዓሣ ነባሪው ነው ብሎ ያዘው።

«አያ ነባሪ፣ አንዴ ስትጎርስ የስንቱን ልጅ ቁርስ ትውጣለህ? ቆጥሬሃለሁ እኮ! ሂድልን!»

«ሆዴ ትልቅ ነው፤ ምን ላድርግ ወንድሜ?» አለና ነባሪው አዝኖ ወደ ሩቅ ባሕር ሄደ።

ደቃቁ ይበዛል ሲሉ ጭራሽ ጠፋ። ውሃው እንደ ብርጭቆ ጠራ፤ ጫጩቶቹ ከረሃብ የተነሳ መዋኘት አቃታቸው። አንዲት እናት ሰርዲን እያለቀሰች እሜቴ ኤሊ ዘንድ ሄደች።

ኤሊ ሳቀች። «በአፉ የገባውን ቆጠራችሁ፤ በኋላው የወጣውንስ ማን ቆጠረ? ደቃቁ በማን ፍግ የሚበቅል መሰለሽ፣ ልጄ?»

ሰርዲኗ ሩቅ ባሕር ድረስ ዋኝታ ነባሪውን ለመነችው።

«ልምጣ? ሆዴ እኮ አላነሰም።»

«እሱኑ ይዘህልን ና!»

መጣ። ውሃው መጀመሪያ ደፈረሰ፤ ሰንብቶ አረንጓዴ ለበሰ። የጫጩቶቹ ሆድ ሞላ፤ እናቶች እፎይ አሉ። ሸርጣን ፊት ለፊት መሄድ አፍሮ በጎን መሄድ የጀመረው ያኔ ነው።

ሒሳቡም እንዲህ ተዘጋ፤ ከአራት ጫጩት አንዱ በረሃብ ሄደ፣ ሦስቱ አደጉ። እንኳንም ሦስቱ ተረፉ።