ያልታሰረች ስልቻ

አንድ ገበሬ ነበረ፣ አንድ አህያ ያለው።

ቆይ ልዕልና፣ ጥያቄሽ ገብቶኝ እንደሆነ መጀመሪያ ልንገርሽ፤ ፊደል ባልቆጥርም ጆሮ አለኝ። ኮምፒውተሩን «እንዲህ ከሆነ ይህን አድርግ» ስትዪው፣ ትእዛዙ አንድ መስመር ከሆነ ያለ ቅንፍም ይገባዋል። ሁለት ከሆነ ግን ያለ ቅንፍ የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚይዘው፤ ሁለተኛው ሜዳ ላይ ይቀራል። «ታዲያ እምዬ፣ ለአንዷ መስመር ቅንፍ ላድርግላት ወይስ ልተዋት?» አልሽኝ። አይደል? እንግዲህ ስሚ።

በዚያ አገር ሰው ሁሉ ስልቻውን በመጫኛ ገመድ ጠፍሮ ካሰረ በኋላ ነው ለካፊያ አጎዛ ጣል የሚያደርግበት። ይህ ሰው ግን «አንድ ስልቻ በክብደቷ ትቀመጣለች፣ ገመድ ምን ያደርግላታል?» ይልና አጎዛውን ብቻ ያለብሳታል። ውሸቱን አልነበረም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልወደቀችበትም።

አንድ ማለዳ የሚፈጨውን እህል ጭኖ ወንዙን ተሻግራ ወፍጮ እንድታደርሰው አህያውን ለሚስቱ ተወላትና በሬዎቹን ነድቶ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ማሳ ቀደመ። የዓመቱን የጤፍ ዘር ግን በትንሽ ቀልቀሎ እንደተቋጠረ ደጅ ላይ ረስቶታል! ሚስቱ አየችው። ዘሩን ከነቀልቀሎው አንስታ፣ የአጎዛውን ጫፍ ገለጥ አድርጋ፣ ከስልቻዋ ጎን ሻጥ አደረገችው። ገመዱ ይይዘዋል ብላ ነዋ።

አህያው ወደ ወንዙ ቁልቁለት ሲወርድ ስልቻዋ ንቅንቅ አላለችም። ቀልቀሎው ግን ተንሸራቶ ውኃ ውስጥ ገባ፤ ወንዙም ይዞት ሄደ።

«ምነው ብታስሪው?» አላት ባልዋ።

«የታሰረ መስሎኝ ነዋ! ሳያስር የሚጭን ሰው ካንተ በቀር የት አለ?»

ሰውየው በራሱ ሳቀ። የሚፈጨውን እህል ዘሩት፤ ክረምቱን ጎመን ቀቅለው ከረሙ። ጎመን በጤና! አዝመራውም ሰመረላቸው። ከዚያ ወዲህ ሰውየው ከደጅ እስከ ጎተራ ለሚያደርሳት ስልቻ ገመድ አይፈልግም፤ ከአጥር ለምትወጣ ግን፣ አንድም ብትሆን ያስራታል።

አንቺም እንደዚያው ነሽ፣ ልጄ። አንዷ መስመርሽ ያለ ቅንፍ አትወድቅም፤ እውነትሽን ነው። ቅንፉ ግን ለእሷ አይደለም፤ ነገ መጥቶ ከጎኗ ሌላ ለሚጨምር እጅ ነው። ዛሬ ጽፈሽ ዛሬ የምትጥዪው ከሆነ ተዪው፣ አትድከሚ። የሚቆይ ከሆነ ግን እሰሪ። ሌላ እጅ ስልሽ ደግሞ የባልደረባሽ ብቻ እንዳይመስልሽ። ከስድስት ወር በኋላ ራስሽ ትመጫለሽ፣ ምኑን እንዳላሰርሽ ረስተሽ።